ግማሽ አየር

ጠያቂው ከማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ይጠይቃል። ድምፁ የወንድም የሴትም አይደለም። ከራስጌ፣ ከግድግዳው ውስጥ ነው የሚመጣው፤ እያንዳንዱን ሰው በየስሙ ይጠራል።

«ወይዘሮ አትጠገብ፣ እንዴት አደሩ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና።»

«ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የትንፋሽ ማጠር አለ?»

«ኧረ ምንም የለም።»

መልሱ ሲያልቅ የሳጥኑ በር ይከፈታል። ሳይመልሱ አይከፈትም። ሳጥን የሚሉት መኝታውን ነው፤ አንድ ሰው ከነትራሱ የሚዘረጋበት፣ ቁጭ ቢል ጣሪያው አናቱን የሚነካው ጠባብ ነገር። ስድስት በቀኝ፣ ስድስት በግራ ተደርድሯል። በየማለዳው አሥራ ሁለት ጊዜ «ደህና» ይባልና አሥራ ሁለት በር ይከፈታል፤ ሰዉ እግሩን አስቀድሞ እየተንፏቀቀ ይወጣና ኮሪደሩ ላይ ይሰለፋል። ሴቶቹ ግንባራቸውን በሻሽ፣ ወንዶቹ በፎጣ ጥፍር አድርገው አስረዋል። ለምን እንዳሰሩ ማንም ማንንም አይጠይቅም።

ቦታው ደብረ ብርሃን ዳርቻ ነው፤ ዘመኑ ሁለት ሺህ ሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት። ቤቱን ሰዉ «አምሳያው» ይለዋል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ እላይ፣ ጠፈር ላይ ለሚቆመው የሠራተኞች ጣቢያ አምሳያ ነውና። ንድፉን ያወጣው የላይ ቤቶች ጽሕፈት ቤት ነው። አገሩ ደግሞ አንድ ሕግ አለው፤ ሰው ያልኖረበት ንድፍ አይጸድቅም። ሕጉ የወጣው ደረጃ የተረሳባቸው ፎቆች ተሠርተው፣ ሰው በመሰላል ሲወጣ ሲወርድ ከከረመ በኋላ ነው። ስለዚህ ለማንኛውም ንድፍ ተራ ሰው በዕጣ ይመረጣል፣ ይገባል፣ ዘጠና ቀን ይኖርበታል፣ በመጨረሻ «ተስማምቻለሁ» ብሎ ጣቱን መስታወት ላይ ያሳርፋል። አሥራ ሁለቱም ካላሳረፉ ንድፉ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ካሳረፉ ደግሞ ለእያንዳንዳቸው መስኮት ያለው ቤት ይሰጣል። በዚያ ዘመን መስኮት ያለው ቤት የሚደርሰው ሰው ጥቂት ነው።

አትጠገብ ዕጣ ከወጣላቸው አንዷ ናት። ዕድሜዋ ሃምሳ ሁለት፣ ሥራዋ የመኪና ወንበር ልብስ መስፋት፣ ትምህርቷ እስከ ሦስተኛ ክፍል። ስሟ የቅድመ አያቷ ነው። መዝጋቢዋ ልጅ «ይሄ ስም አሁንም አለ እንዴ?» ብትላት፣ «እኔ እስካለሁ ድረስ አለ» ብላ ነው የመለሰችላት።

አምሳያው ውስጥ ዕቃ ማስቀመጥ ክልክል ነው። እላይ ያላሰሩት ዕቃ ተንሳፍፎ ይሄዳል፤ ስለዚህ እዚህም ማሰር ነው። ማንኪያ ይታሰራል። ጫማ ይታሰራል። ማበጠሪያ ይታሰራል። ሳያስር ኩባያ ያስቀመጠ ሰው ካለ አናቱ ላይ ቀይ መብራት ይበራል፤ ኩባያውን እስኪያስር ድረስ ቤቱ በሙሉ ሥራ አቁሞ ያየዋል። ሽሮ ከከረጢት እየተጨመቀ ይበላል። ገላ በእርጥብ ጨርቅ ይታሻል፤ ጨርቁ ይጨመቅና ውኃው ይለካል፤ የጎደለ እንደሆነ ማን እንደወሰደው ይጠየቃል። አትጠገብ ይሄን ሁሉ በአሥር ቀን ለመደችው። ያልለመደችው ነፋሱን ነው።

በየሳጥኑ ራስጌ የስኒ ማስቀመጫ የምታህል ቀዳዳ አለች። አየር የሚገባው በእሷ ነው። ቀጭን ቀዝቃዛ ነፋስ ያለማቋረጥ ማጅራት ላይ ይተፋል። አትጠገብን ያሳደገቻት እናቷ፣ በአውቶቡስ መስኮት የሚገባ ነፋስ የስንቱን ሰው አንገት አጣምሞ እንዳስቀረ እየቆጠረች ነው። እሷም ልጇን እንዲሁ አድርጋ አሳደገች። በገባች በሦስተኛው ቀን አንድ ካልሲ ጠቀለለችና ቀዳዳዋን ወተፈቻት፤ በአውራ ጣት ገፋ፣ ከዚያ ጠምዘዝ። እንደ ድንጋይ ተኛች። ሲነጋ አናቷ ውስጥ ብረት የሚቀጠቀጥ መስሏት ነቃች፤ «ብርዱ ቀድሞ ገብቶብኝ ነው» አለች ለራሷ።

የነገረችው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ አጠገቧ ለምትተኛው ለዳቦ ሻጯ ለሙሉነሽ። ሳምንት ሳይሞላ ግን በእጥበት ቀን ካልሲ ጥንድ ሆኖ መምጣቱ ቀረ። የአሥራ ሁለቱ ተወካይ የነበሩት የድሮው የከባድ መኪና ሹፌር ጋሼ ደመላሽ ቆባቸውን ሠዉ። በየሐሙሱ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ውታፉ ይነቀላል፤ ሲሄድ ይመለሳል። ስለ ነገሩ የተነጋገረ ሰው የለም። ለጠያቂው መናገርማ የማይታሰብ ነው። አስቦ፣ ሠርቶ፣ ቤቱን ከፍቶ ላስገባህ ሰው በማለዳ ራሴን አመመኝ ማለት፣ እንግድነት ሄዶ ወጡ ጨው በዝቶበታል እንደማለት ነው።

በዘጠናኛው ቀን ከረፋዱ ሦስት ሰዓት ላይ ሰበሰቧቸው። የጽሕፈት ቤቱ ሰብሳቢ ፊት ለፊት ተቀመጠ፤ ያማረ ኮት የለበሰ፣ በየመሐሉ ሰዓቱን የሚያይ ሰው ነው። ንድፉን የምትመራው ኢንጂነር ሶልያና ቆማ ሪፖርቱን አነበበች። ቀጭን ናት፣ እንቅልፍ ያጣች ትመስላለች።

«በዘጠና ቀን ውስጥ ለነዋሪዎች አንድ ሺህ ሰማንያ ጊዜ ጥያቄ ቀርቧል። ደህና ያለ፣ አንድ ሺህ ሰማንያ። ራስ ምታት፣ ዜሮ። የትንፋሽ ማጠር፣ ዜሮ።»

ጋሼ ደመላሽ አገጫቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ሙሉነሽ ግንባሯን ልትነካ እጇን አነሳችና መለሰችው።

«ከአርባኛው ቀን ጀምሮ» አለች ሶልያና፣ «ማናፈሻው በግማሽ ኃይል ሲሠራ ቆይቷል። አንድም ነዋሪ ልዩነት አልተሰማውም። ስለዚህ እላይ የሚገጠመው ማናፈሻ ግማሽ እንዲሆን፣ በተረፈው ክብደትም ሁለት ተጨማሪ ሠራተኞች እንዲጫኑ ተወስኗል። ከአርባ ወደ አርባ ሁለት።»

«አርባ ሁለት» አለች አትጠገብ ለራሷ።

የአትጠገብ ልጅ ኖላዊት ቱቦ በያጅ ናት፤ ሃያ አምስት ዓመቷ ነው። እዚያው ግቢ፣ ወዲያኛው ሕንፃ ውስጥ ለጣቢያው ሦስት ዓመት ሠልጥናለች። አርባ ሰው ሲመረጥ አርባ አንደኛ ወጣች። ያን ሰሞን ምግብ አልበላም፣ ከሰው አልነጋገርም ብላ ነበር። በአርባ አምስተኛው ቀን፣ እሑድ፣ ከመጠየቂያው መስታወት ማዶ መጥታ ግንባሯን መስታወቱ ላይ ለጥፋ «ሁለት ቦታ ተጨመረ እማ፤ ገባሁ» ስትላት፣ አትጠገብ ከዚህ ማዶ ሆና አልቅሳ ነበር። ያ ቦታ ከየት እንደመጣ ያን ቀን አልጠየቀችም። አሁን ተነገራት። የመጣው ከእሷ ካልሲ ነው።

ሶልያና የጣት መስታወቱን ለጋሼ ደመላሽ አቀረበችላቸው። አሳረፉ። ለሙሉነሽ አቀረበች። አሳረፈች። ሰባተኛዋ አትጠገብ ነበረች።

«ትንሽ ቆዪኝ ልጄ» አለች።

«ያልገባዎት ነገር አለ?»

«የገባኝ ነገር ነው ያለው። እረፍት ስጡን።»

ሰብሳቢው ሰዓቱን አየ። «አሥር ደቂቃ» አለ።

አሥራ ሁለቱ ኮሪደሩ ላይ ብቻቸውን ቀሩ። ጋሼ ደመላሽ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጀመሩ።

«አንቺ ሴትዮ ምን ሆነሻል? ዘጠና ቀን ተኝተሽ በዘጠናኛው ትነቂያለሽ?»

«ግማሽ አየር አሉ እኮ ጋሼ። በኛ አፍ ነው ግማሽ ያሉት።»

«ታዲያ ሞትን? ራሳችንን አመመን እንጂ መች ሞትን?»

«እኛ እዚህ በሩ ሲከፈት እንወጣለን። እነሱ የት ይወጣሉ?»

ሙሉነሽ ተጠጋች። «አትጠገብዬ፣ ስድስት ልጅ በአንድ ጨለማ ክፍል ነው የማሳድገው። ፀሐይ አይተው የማያውቁ አሉ። ያችን መስኮት አታስከልክይን።»

«እኔም እኮ መስኮት ይቀርብኛል።»

«ያንቺማ ያንቺ ነው፤ እንደፈለግሽ። የኛን ነው የምልሽ።»

«ብትናገሪም እኮ ጉዱ ባንቺ ነው» አሉ ጋሼ ደመላሽ። «ይሄን የካልሲ ነገር ማን አመጣው? እኔ እናቴ የሰጠችኝን ቆብ የወተፍኩት በማን ትምህርት ነው? ደግሞ ልጅሽ ያገኘችውን ቦታ በገዛ አፍሽ ልታስነጥቂያት ነው። እናት እንዲህ ታደርጋለች?»

 ጋሼ ደመላሽ ስለ ቦታው እውነታቸውን ነው። ከተናገረች ኖላዊት አትሄድም፤ ዝም ካለች ትሄዳለች፣ የሄደች ዕለት ደግሞ ያችን ቀዳዳ እንደምትወትፋት አትጠገብ ታውቃለች። ሕፃን ሆና በታክሲ ሲሄዱ፣ ሰው መስኮት ሲከፍት ቀድማ እጇን ሰድዳ የምትዘጋው እሷ ነበረች።

ተመልሳ ስትገባ አልተቀመጠችም።

«ውሸት ነው» አለች። «አንድ ሺህ ሰማንያውም። እኔን ራሴን ያላመመኝ ማለዳ የለም። የነሱን እነሱ ይናገሩ።»

 ሶልያና እጇ ላይ ያለውን ሪፖርት አየች፣ ከዚያ አትጠገብን አየች።

«በየማለዳው ደህና ነኝ ብለዋል እኮ።»

«እንዴት አደርሽ ስባል ምን ልበል? የዕድሜ ልክ መልሴን ነው የመለስኩት። አንቺን እናትሽ እንዴት ነሽ ብትልሽ ምን ትያለሽ?»

 አትጠገብ ስለ ቀዳዳዋ ነገረቻቸው፤ ስለ ካልሲው፣ ስለ ሐሙሱ። የማንንም ስም አልጠራችም። ስትጨርስ ጋሼ ደመላሽ ከተቀመጡበት ሳይነሱ ከኪሳቸው የተጨማደደ ቆብ አወጡና ጠረጴዛው ላይ ጣሉት። አናታቸው ላይ ቀይ መብራት በራ።

ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠረገ። «ቀላል ነገር ነው። ቀዳዳዋን መዝጋት ክልክል ነው ተብሎ ይጻፍባታል።»

«ተጽፎባታል» አለች አትጠገብ። «እኔ ማንበብ ይከብደኛል እንጂ እነዚህ አሥራ አንዱ ያነባሉ።»

«የሚሄዱት ሠልጣኞች ናቸው። እንደናንተ ተራ ሰው አይደሉም።»

«ልጄ ከነሱ ውስጥ ናት። ጥሩዋትና አስተኟት።»

ይሄን ስትል ልጇ ላይ ምን እያደረገች እንደሆነ ታውቃለች። ሰብሳቢው ሶልያናን በዓይኑ ጠየቃት፤ ሶልያና በእሺታ አንገቷን ነቀነቀች።

ኖላዊት ከነሥራ ልብሷ መጣች። ሌሊቱን ልምምድ ላይ ስላደረች ዓይኗ ቀልቷል። ነገሩን ሶልያና ስትነግራት ቆማ ሰማች፤ ሰምታ ስትጨርስ ወደ እናቷ ዞረች።

«ዘጠና ቀን ዝም ብለሽ ዛሬ ነው የታየሽ?»

«ዛሬ ነው የተነገረኝ።»

«ቁጥሬን ታውቂያለሽ እማ። አርባ አንድ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ነፋስ፣ ነፋስ፣ ነፋስ። ልጅነቴን በሙሉ አንገቴን ጠምጥመሽ አሳደግሽኝ። እኔ ሦስት ዓመት የተማርኩት ስለ አየር ነው። አልነካውም፤ አስተኙኝ። ምስሌንም ግድግዳው ላይ አውጡት፣ ፈቅጃለሁ።»

በሰባተኛው ሳጥን፣ እናቷ በተኛችበት ውስጥ አስገቧት። መኝታ ከረጢቱ ውስጥ ገባች፣ አንድ ፎጣ አጥፋ ማጅራቷ ሥር አደረገች። ሶልያና መዳፍ የምታህል የአየር መለኪያ ኖላዊት ጎን ላይ አጣበቀች። ማናፈሻው በግማሽ ኃይል ነው። በሩ ተዘጋ። ምስሏና ቁጥሩ ግድግዳው ላይ ወጣ፤ አርባ ላይ ቀይ መሥመር ተሰምሯል።

«ቁጥሩ የተቃጠለ አየር ነው» አለች ሶልያና። «ከአርባ በላይ ራስ ይመታል። ከመቶ በላይ ሰው አይነቃም።»

ከስድስት ሰዓት ጥቂት እንዳለፈ ኖላዊትን እንቅልፍ ወሰዳት። ቁጥሩ ስድስት ነበር። ሰባት ሆነ፣ ወደ ስድስት ተመለሰ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ከዚያ አልራቀም። ሰብሳቢው ወንበሩ ላይ ተደላደለ። «ይኸው» አለ፣ «ግማሽ አየር ይበቃል። ሰው በግማሽ ይኖራል።»  ሙሉነሽ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች የምትጸልይ ትመስላለች፤ ምን እንዲሆን እንደምትጸልይ ግን አይታወቅም። አትጠገብም ራሷ አላወቀችም። ልጇ ባትነካው ሁሉም ሰው መስኮቱን ያገኛል፣ እሷም ውሸታም ሆና ትወጣለች፤ ይሁን ነበር ያለችው በሆዷ። ዋሾ ያድርገኝ።

ኖላዊት ተገላበጠች። ትከሻዋን ወደ ጆሮዋ ሰበሰበች። ቀኝ እጇ ከከረጢቱ ወጣና ማጅራቷን ዳበሰ፤ እንደማሻሸት አደረገው። ወደ ኋላ ተዘረጋ። ጣቶቿ ግድግዳውን እየዳበሱ ሄደው ቀዳዳዋን አገኟት፣ ነፋሱ ላይ ቆሙ። ዓይኗ እንደተጨፈነ ነው። ፎጣውን ከሥሯ ሳበች፣ በአንድ እጇ ጠቀለለችው፣ ቀዳዳዋ ላይ አደረገችው። በአውራ ጣት ገፋ፣ ጠምዘዝ። እጇ ተመልሶ ከረጢቱ ውስጥ ገባ። ፊቷ ላይ የነበረው ኩምትርትር ተፈታ፤ ሕፃን መሰለች።

 ቁጥሩ ዘጠኝ አለ። አሥራ አራት አለ።

«ክፈቱላት» አለች አትጠገብ።

«ትንሽ እንጠብቅ» አለ ሰብሳቢው። «ሲጨንቃት ትነቃ ይሆናል። እሱንም ማወቅ አለብን።»

ሃያ አንድ። ሃያ ስምንት። ከቀኑ ሰባት ተኩል አልፏል። ኖላዊት አፏን ከፍታ መተንፈስ ጀመረች፤ አልነቃችም። ሶልያና ከቁጥሩ ዓይኗን ሳታነሳ፣ ለማንም ሳይሆን ተናገረች። «እዚህ አየሩ በበሩ ስንጥቅ ይሾልካል። እላይ አይሾልክም። አይወጣም፣ አይወርድም፤ ፊቷ ላይ እንደ ትራስ ነው የሚቆመው።»

አትጠገብ ሄዳ የሳጥኑን በር በመዳፏ መታችው። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ምስሉ ላይ ኖላዊት አልተንቀሳቀሰችም። በሩ እጀታ የለውም፤ የሚከፈተው ለጠያቂው ሲመለስለት ብቻ ነው፣ ጠያቂውም የሚጠይቀው በማለዳ ነው።

ሠላሳ ስድስት። ሠላሳ ዘጠኝ።

«አርባ ይግባ» አለ ሰብሳቢው።

አትጠገብ ወደ ሶልያና ዞረች። አልጮኸችም። «ልጄ፣ እናት አለሽ አይደል?» አለቻት።

ሶልያና በሰብሳቢው ፊት አልፋ ግድግዳው ላይ ያለውን ክዳን ፈለቀቀች፣ ውስጡ ያለውን የአደጋ ጊዜ መክፈቻ ጨብጣ ሳበችው። በሩ ተከፈተ። አትጠገብ ልጇን በሁለት እግሯ ይዛ እየጎተተች አወጣቻት። ኖላዊት ኮሪደሩ ወለል ላይ ተቀምጣ ዓይኗን አሸች፣ ግንባሯን ያዘች።

«አልነካሁትም» አለች። «አየሽ? አልነካሁትም አላልኩሽም?»

አትጠገብ በአገጯ ወደ ሳጥኑ አመለከተቻት። ወደ ኋላዋ ዞረች፣ ወደ ሳጥኑ ውስጥ አየች። ፎጣው ቀዳዳዋ ውስጥ ነው። ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ እጇን፣ ቀኝ እጇን፣ የሌላ ሰው ዕቃ ይመስል አገላብጣ አየችው።

ከአራት ቀን በኋላ እንደገና ሰበሰቧቸው። ኖላዊትም ነበረች፤ አርባ አንዱ ጓደኞቿም ነበሩ። ሶልያና የተስተካከለውን ንድፍ ዘረጋች። ማናፈሻው ግማሽ እንደሆነ ይቀጥላል፤ ቀዳዳዋ ክፍት እስከሆነች ድረስ ግማሹ እንደሚበቃ ታይቷል። ቀዳዳዋን ከራስጌ ወደ እግርጌ ለማዞር ግድግዳውን በሙሉ እንደገና መሣል ያስፈልጋል፤ አሥራ አራት ወር ይፈጃል፣ ክብደቱም ይጨምራል፣ ቁጥር አርባ አንድና አርባ ሁለት ይወርዳሉ። ጽሕፈት ቤቱ ያንን አልመረጠም። አንድ ነገር ብቻ ጨመረ፤ የእጅ ማሰሪያ። ሰው ሲተኛ ሁለቱ አንጓዎቹ ከመኝታ ከረጢቱ ጋር ይታሰራሉ። በማለዳ ለጠያቂው ሲመልስ፣ በሩ ሲከፈት አብሮ ይፈታል።

«እንደ እብድ» አሉ ጋሼ ደመላሽ ቀስ ብለው።

«እንደ ማንኪያ» አለች ሙሉነሽ።

ኖላዊት ከዚያ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እናቷን ቀና ብላ አየቻት። «እኔ ተስማምቻለሁ እማ። ታስሬም ቢሆን ልሂድ። እዚህ ሳልታሰር ቀርቼ ምን ልሁን?»

አሥራ አንዱ ጣታቸውን አሳረፉ። መስታወቱ አትጠገብ ጋ ደረሰ።

«ማሰሪያውን አሳዪኝ» አለች።

ሶልያና ሰጠቻት። ጠፍጣፋ፣ ደረቅ፣ ጠርዙ የሚቆርጥ ነገር ነው። አትጠገብ ጎተተችው፣ አጠፈችው፣ ጥፍሯን አሳለፈችበት።

«ይሄን ማን ሰፋው?»

«ማሽን።»

«ያስታውቃል። ኖላዊት፣ ተኚ።»

«ሰው እያየ?»

«ይይ። ተኚ።»

ኖላዊት ሳጥኑ ውስጥ፣ ከረጢቱ ላይ ተጋደመች። አትጠገብ ሁለት አንጓዎቿን አሰረች። እጆቿ ዳሌዋ ጎን ቀሩ፤ ከዚያ አይነሱም።

«አፍንጫሽን ቢበላሽስ?»

«እችለዋለሁ።»

«ቢያስመልስሽስ? ትን ቢልሽስ? በምን ትጠርጊዋለሽ?»

ኖላዊት እጇን ወደ አፏ ሞከረች፤ አልተነሳላትም። አትጠገብ ፈታቻት። ከዚያ የወንበር ልብስ የምትሰፋበትን ለስላሳ ጥብጣብ ከዕቃዋ እንዲያመጡላት ጠየቀች፤ መርፌና ክርም። ወለሉ ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች። ሰብሳቢው ሰዓቱን አየ። ደረቁን ከሥሩ ቆርጣ ጠርዙን በጥብጣብ ሸፈነች፣ አስረዘመችው፣ ልጇ አንጓ ላይ አሰረችው።

«አፍንጫሽን ንኪ።»

ኖላዊት ነካች።

«አፍሽን። ግንባርሽን። አሁን ወደ ኋላ፣ ወደ ግድግዳው ዘርጊ። በደንብ ዘርጊ፣ አትለግሚ።»

እጇ ሄደ፣ ተወጠረ፣ ቆመ። ጣቶቿና ቀዳዳዋ መሐል ባዶ ቦታ ቀረ። አትጠገብ ወደ ውስጥ ተስባ ስንዝሯን ከፍታ ለካችው፤ አንድ ስንዝር ሙሉ። ደግማ ለካችው።

«ስንት ሴንቲ ብዬ ልጻፍ?» አለች ሶልያና እስክሪብቶዋን ይዛ።

«አንድ ቁጥር አይጻፍም። የሰው ክንድ አንድ ነው እንዴ? ለአንዱ የሚያጥረው ሌላውን ያደርሰዋል። በየክንዳቸው ነው የሚሰፋው።»

«አርባ ሁለቱንም?»

«አርባ ሁለተኛውን ስጨርስ እፈርማለሁ።»

ኖላዊት ማሰሪያውን ከአንጓዋ ሳትፈታ ተነሳችና ለሚቀጥለው ሰው ቦታ ለቀቀች። ኮሪደሩ ላይ አርባ አንድ ወጣቶች እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ ተሰለፉ። አትጠገብ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ቀና አለች።

«ቀጣይ» አለች።